ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት ሙት የሚሆነው ሞተር ሳይክል

የምሠራው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የሞተር ሳይክል ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ። ስታርተር እምቢ ያለው ደንበኛ ሁሉ ማለት ይቻላል ምርመራውን ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው። «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሩልኝ» ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ባትሪው ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም፤ በዳዩ ሳይገኝ አዲስ ባትሪ ከገባ ደግሞ አዲሱም የአሮጌው ዕጣ ነው የሚደርሰው።

ከእነዚህ ደንበኞች አንዱ በሞተር ሳይክል ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር ልጅ ነው። ሲመጣ ተናዶ ነበር፣ አይፈረድበትም። ባትሪ ከቀየረ ገና ብዙም አልቆየም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም አዲስ ሆኖ ነው የሞተበት። ሌላ ቦታ ወስዶት ለክተውለት «ቻርጅ ያደርጋል፣ ችግሩ ባትሪው ነው» ብለውታል። የገዛው ባትሪ ዕቃው የማይረባ ነው ብሎ አምኗል፤ እኔ ጋ የመጣውም የተሻለ ባትሪ እንድመርጥለት ነው።

እንደተለመደው በመልቲሜትር፣ ቮልትና አምፒር በምንለካበት መሣሪያ፣ ጀመርን። ሞተሩ ሳይነሳ የባትሪው ቮልቴጅ 12.7 ነው። ለ12 ቮልት ባትሪ ይሄ ሙሉ ማለት ነው፤ 12.4 አካባቢ ቢሆን ሩቡ ያህል ጎድሏል እንላለን፣ 12.0 ከሆነ ደግሞ ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ስታርተሩን ስንጫን ወደ 10.9 ወረደና ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ሲጎትት ከ10 በታች ካልወረደ ባትሪው ጉልበት አለው። ከዚያ ጋዝ ሰጥተን በደቂቃ ወደ 5000 ዙር ስናደርሰው ባትሪው ላይ 14.2 አነበብን። ቻርጅም ያደርጋል። ረዳቴ መልቲሜትሩን እየጠቀለለ «ምንም የለውም እኮ» አለኝ።

ቁጥሮቹን ብቻ ላየ ሰው እውነቱን ነው። ግን ልጁ በደህና ቀን ሥራውን ትቶ እኛ ጋ አይቆምም። ስለዚህ ቁጭ አድርጌ ጠየቅሁት፦ መቼ ነው የሚያስቸግርህ?

«ጠዋት አንዴ ስጫነው ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ነው ቀጭ ቀጭ ብቻ የሚለው። ያኔ ገፍቼ ነው የማስነሳው።»

«ማታስ ምን ታደርገዋለህ?»

«ቻርጀር ላይ አሳድረዋለሁ።»

ነገሩ እዚህ ጋ ነው የተፈታው ብል ማጋነን አይሆንም። ቀን የጎደለውን ሌሊት ቻርጀሩ ይሞላለታል። ጠዋት ሞተር ሳይክሉን ይዞ ጋራዥ ሲሄድ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ሽቦው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው፣ የለካው ሰው ሁሉ ጥሩ ቁጥር ያያል። በሽተኛ ትኩሳቱ ሲለቀው ብቻ ሐኪም ቤት እየሄደ እንደማለት ነው። ደንበኛ የቴክኒክ ቃል ላያውቅ ይችላል፤ መቼ፣ የት፣ ከምን በኋላ እንደሚበላሽበት ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ መልቲሜትር ከማንሳቴ በፊት ይህን መጠየቅ እወዳለሁ፤ ጊዜ ይቆጥባል።

ረዳቴ «ምናልባት ቆሞ እያለ የሚበላው ነገር ይኖር ይሆን?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጁ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግበት ሶኬት አስገጥሟል፤ ከእንደዚህ ዓይነት ተጨማሪ ዕቃ በስተኋላ ብዙ ጉድ ይገኛል። ቁልፉን አጥፍተን የኔጌቲቩን ገመድ ፈታን፣ መልቲሜትሩን አምፒር ላይ አድርገን በገመዱና በባትሪው መሀል አስገባነው። 1 ሚሊአምፒር አካባቢ ነው ያሳየው፤ ለሰዓቱና ሞተሩን ለሚቆጣጠረው ኮምፒውተር የሚሄድ ነው፣ ከቁም ነገር አይገባም። (መልቲሜትሩ እንዲህ ገብቶ ሳለ ስታርተር የሚነካ ሰው የመልቲሜትሩን ፊውዝ ይሰናበት፤ ለረዳቶች ሁሉ ቀድሜ የምነግረው ይሄን ነው።) ደግሞም ቆሞ የሚበላ ነገር ቢኖር ባዶ የሚሆነው ሲያድር ነበር። የዚህ ሰው ግን እየሠራ ነው የሚያልቀው። እየሠራ የሚያልቅ ባትሪ የሚወጣውን ያህል አይገባለትም ማለት ነው።

ስለዚህ ባትሪው ላይ ረዘም ያለ ሽቦ አስሬ መልቲሜትሩን ታንኩ ላይ በፕላስተር አጣበቅሁትና መብራቱን አብርቶ እንዲነዳው ላክሁት። እየነዳህ አትየው፣ ቆም እያልክ ጋዝ ስጠውና አንብብ ብዬ አስጠነቀቅሁት። መጀመሪያ 14.2። ትንሽ ቆይቶ 13.6። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ 12.9፣ ጋዝ ቢሰጠውም ንቅንቅ የለም። ሲመለስ እንዳይቀዘቅዝብን ሳይወርድ ነው መሣሪያ ያነሳነው።

አሁን ተጠርጣሪዎቹ ትንሽ ናቸው። ስታተሩ አለ፣ ሞተሩ ውስጥ ሆኖ ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው። ሬጉላተሩ አለ፣ ያንን ኤሲ ባትሪው ወደሚቀበለው ዲሲ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ከ14 ከምናምን በላይ እንዳይወጣ የሚይዘው። በሁለቱ መሀል ደግሞ ሦስት ቢጫ ሽቦዎችና አንድ ኮኔክተር፣ ሽቦዎቹ የሚሰኩበት የፕላስቲክ መገጣጠሚያ፣ አሉ። ብዙ ሰው ሁለቱን ትላልቅ ዕቃዎች ይቀያይራል እንጂ መሀሉን አያየውም፤ እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ውድ የሆኑት እነሱ ናቸው፣ የሚከፍለው ደግሞ ደንበኛው ነው።

ኮኔክተሩን ነቅለን ከስታተሩ የሚመጡትን ቢጫ ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን በኤሲ ለካን፤ በ5000 ዙር 61፣ 60፣ 61 ቮልት። ዋናው ነገር ሦስቱ እኩል መሆናቸው ነው፤ አንዱ ዝቅ ቢል ስታተሩ ተቃጥሏል እንል ነበር። ሞተሩን አጥፍተን እያንዳንዱን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር ለካን፣ ምንም ግንኙነት የለም፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ስታተሩ በትኩሱም ጤነኛ ነው። ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ያለባቸውን የሬጉላተሩን ዳዮዶችም አየን፣ በአንድ በኩል ያሳልፋሉ፣ በሌላው ይዘጋሉ። እሱም ነፃ።

የቀረው መሀሉ ነው። ኮኔክተሩን መልሰን ሰካነው፣ ሞተሩን አስነስተን የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ከኮኔክተሩ በፊት፣ ሌላውን ከኮኔክተሩ በኋላ በዚያው ሽቦ ላይ ከጀርባ በኩል አስነካን። ጤነኛ መገጣጠሚያ ላይ ይህ ቁጥር ዜሮን የሚጠጋ መሆን አለበት፤ ሽቦው ያው ሽቦ ነውና። ሁለቱ ደህና ነበሩ። ሦስተኛው ላይ ከ4 ቮልት በላይ ጠፍቶ አገኘነው። ያ ቮልት የትም አልሄደም፣ እዚያችው ቦታ ላይ ሙቀት እየሆነ ነው።

ኮኔክተሩን ነቅዬ ገለበጥሁት። ከላይ ሲታይ ነጭና ንጹሕ ነው፤ የተቃጠለው ወደ ሻሲው የዞረው ጎኑ ነበር። የሦስተኛው ቀዳዳ ከንፈር ቡናማ ሆኖ ትንሽ ቀልጧል። ውስጡ ያለችው የመዳብ ምላስ ጠቁራለች፣ መያዣዋም ላልቷል፣ የሚሰካባት ወንዱ ጫፍ ሲገባ ያለ ምንም ትግል ነው የሚንሸራተተው። የሽቦው ልባስ ከኮኔክተሩ ጀምሮ የጣት አንጓ ያህል ደርቋል፤ ሳጥፈው ተሰነጠቀ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ዝም ብሎ ያይ ነበር፣ ከዚያ «ይቺ ናት?» አለ። ይቺ ናት።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መያዣው ትንሽ ይላላል፣ ሲላላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ መዳቡ ይጠቁራል፣ የጠቆረ መዳብ ደግሞ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያሳልፍምና የባሰ ይሞቃል። ሲቀዘቅዝ ጠበቅ ስለሚል ጠዋት ያሠራል። በዚያ ላይ በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ያለው ሬጉላተር የስታተሩን ሽቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ (ሾርት አድርጎ) ትርፉን ኃይል የሚያባክን ዓይነት ነው፤ ባትሪው ቢሞላም ባይሞላም በእነዚያ ሦስት ሽቦዎች ውስጥ ብዙ አምፒር ይመላለሳል። ኮኔክተሩ ዕረፍት የለውም።

ጥገናውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። ሽቦውን ብሩህ መዳብ እስኪወጣ ቆረጥን፤ የጠቆረ ሽቦ ላይ ብየዳም አይዝም፣ መጭመቂያም አያዋጣም። አንዷን ብቻ ሳይሆን የሦስቱንም ምላሶች በሁለቱም በኩል ቀየርን፣ ሙቀት የሚችል ኮኔክተር አደረግን፣ በትክክለኛው መጭመቂያ ጨመቅን። ኮኔክተሩን አውጥተው ሽቦውን በቀጥታ የሚበይዱም አሉ፤ አልቃወምም፣ ግን ሬጉላተሩን መፍታት ሲያስፈልግ መቁረጥ ሊመጣ ነው። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለልን ግን ጨርሶ አልቀበልም። የሬጉላተሩን ግራውንድ (ወደ ኔጌቲቭ የሚመለሰውን ሽቦ) እና የባትሪውን ጫፎችም አብረን አጸዳን።

ከዚያ ደግሞ ያው ንዳ፣ ያው መንገድ፣ ያው መብራት። በቀዝቃዛው 14.2፣ በትኩሱ 14.1፣ እዚያው ቆመ። ኮኔክተሩን በእጄ ስይዘው ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። በቀዝቃዛ ብቻ ለክተን ብንሸኘው ኖሮ መጠገናችንን በምን እናውቅ ነበር? በቀዝቃዛማ ድሮም 14.2 ነበር።

ሊሄድ ሲል አንድ ነገር አስጠነቀቅሁት። የሆነ ሰው ቻርጅ ማድረጉን ሊያረጋግጥለት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎበት ያውቃል። «ሳይጠፋ ከቀጠለ ያሠራል» የሚባለው ነገር። ይሄን ማንም እንዳያደርግብህ አልኩት። ቮልቴጁን አረጋግቶ የሚይዘው ባትሪው ነው፤ እሱ ድንገት ሲነሳ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል፣ ኮምፒውተሩንም ሬጉላተሩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። መልቲሜትር ሁለት ጫፍ አስነክቶ በደቂቃ ውስጥ የሚመልሰውን ጥያቄ በዚህ መጠየቅ ምን ያስፈልጋል።

ሙት ተብሎ የተቀየረው የቀድሞው ባትሪ ቤቱ ተቀምጦ ስለነበር እሱንም አምጣው አልኩት። አሁን ያለውንም ያንንም ቀስ ባለ ቻርጅ፣ ማለትም ከአቅማቸው አንድ አሥረኛ በሆነ አምፒር ሞላናቸውና አሳደርናቸው። አሁን ያለው 12.8 ላይ አደረ፣ ስታርተር ሲጎትተውም ከ10 በላይ ቆመ፤ ምንም አልሆነም። የቀድሞው ሳይሞላ ብዙ ስለቆየ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ጨው ይዘዋል። ቻርጀር ላይ ቶሎ 12.7 ደረሰ፣ ስታርተሩን ስንጫን ግን ወደ 7 ወረደ። እሱን ለአሮጌ ባትሪ ሰብሳቢ ለይተን አስቀመጥነው፤ ልጁም ሊገዛው የመጣውን ባትሪ ሳይገዛ ወደ ሥራው ሄደ።