ይግባኝ ባዩ እኔ፣ ምስክሩም እኔ

ለሙያ ብቃት ሰርተፊኬት አመልክቼ ነበር። ፈተናው አላስቸገረኝም። ጉድ የሠራኝ ማመልከቻው ላይ ያለችው «የሥራ ልምድዎን የሚያረጋግጡ የቅርብ አለቃ» የምትለው ሳጥን ናት። የአለቃዬን ስምና የክፍላችንን ኢሜይል ሞላሁ። ብዙም ሳይቆይ እሱ ሥራ ለቀቀ። ቦታውን ለማን ሰጡት? ለእኔ። ኢሜይሉም ከነወንበሩ ተላለፈልኝ።

አንድ ጠዋት ስከፍተው ደብዳቤ መጥቷል። «እኚህ አመልካች በእርግጥ በእርስዎ ሥር ሠርተዋል? ሥነ ምግባራቸውስ?» ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና «እጅግ ታታሪ፣ በጣም ትሑት» ብዬ ጀምሬ ነበር። ዝቅ ስል «ከአመልካቹ ጋር የጥቅም ግንኙነት አለዎት?» ይላል። ከራሴ ጋር ከሌለኝ ከማን ጋር ሊኖረኝ ነው! አጠፋሁትና ሁኔታውን አስረድቼ መልስ ላክሁ። ወዲያው ተመለሰልኝ፦ «ይህ አድራሻ መልእክት አይቀበልም።»

ቀነ ገደቡ አለፈ። ውሳኔ መጣ። «አረጋጋጩ መልስ ባለመስጠታቸው ማመልከቻዎ ውድቅ ተደርጓል።»

ይግባኝ ልል ተነሣሁ። ቅሬታና ይግባኝ ለካ ለየብቻ ናቸው። ውሳኔው ይቀየርልኝ ከሆነ ይግባኝ፣ አሠራራችሁ አቃጠለኝ ከሆነ ቅሬታ። እኔ ሁለቱም ነበሩብኝ። ግን መቃጠል ሰርተፊኬት አያሰጥም ብዬ ይግባኙን መረጥኩ። (እናንተም ከደረሰባችሁ የተጓደለውን አሠራር ለይታችሁ ጻፉ፣ ማስረጃ አያይዙ። «ስንት ዓመት ለፍቼ» የሚለውን ለዘመድ አስቀምጡት።)

ለሰዎች የብቃት ሰርተፊኬት የሚሰጡ ድርጅቶች የሚመዘኑበት አይኤስኦ/አይኢሲ 17024 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። ይግባኙን የሚወስነው ሰው መጀመሪያ ውሳኔውን ከሰጠው የተለየ ይሁን ይላል። ደግ ነገር ነው። ያው ሰው ቢያየው ያው መልስ ነዋ! እኔ ላይ ሲደርስ ግን አዲሶቹ ሰዎች ፋይሉን ከሀ ጀመሩት። ያያያዝኩትን ማብራሪያ ገና ሳይከፍቱ መጀመሪያ ያደረጉት ምን መሰላችሁ? ለአለቃዬ ኢሜይል መላክ። ስልኬ ጢን አለ። «እኚህ አመልካች በእርግጥ በእርስዎ ሥር...»

በቃ፣ የድሮ አለቃዬን ፍለጋ ገባሁ። ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩለትና ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወትኩት። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» አለኝ። አዲሱን አድራሻውን ላክሁላቸው፣ ቅጹን ሞልቶ መለሰላቸው።

ይግባኙ ጸደቀ። ከውሳኔው ጋር እሱ የሞላው ቅጽ ቅጂም ደረሰኝ። የሥራ ዕውቀት፦ በጣም ጥሩ። ሥነ ምግባር፦ በጣም ጥሩ። «አመልካቹ ሊያሻሽሉት የሚገባ ነገር» ከሚለው ሥር ደግሞ፦

«ኢሜይል ቶሎ አይመልስም።»