ዝይ የሚያረባ ሰው የዝይ ሆድ ምን እንደሚመስል ይወቅ

ዝይ ልታረቡ ካሰባችሁ ቤቱ ብዙ አያስጨንቃችሁ። ደረቅ ወለል፣ ጅብና ውሻ የማይገፋው በር፣ ጭንቅላታቸውን የሚነክሩበት ውሃና ሰፋ ያለ ሣር ይበቃቸዋል። ከባዱ ነገር ጤነኛ ዝይ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ሰው ማግኘት ነው።

ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ ግቢ ግራጫ ትልልቅ ዝዮች አረባለሁ። አንዷ እንቁላል መጣያዋ ሲደርስ ሆዷ ወደ ታች ወረደ። በእግሮቿ መካከል ግራና ቀኝ ሁለት እጥፋቶች ተንጠለጠሉ፤ ስትሄድ ሣሩን ሊነኩ ምንም አልቀራቸው። ትበላለች፣ ትጮኻለች፣ እንግዳ ታባርራለች። ለማረጋገጥ ያህል የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ።

ቆሞ አያትና «ሆዷ ውሃ ቋጥሯል» አለ።

«ዶክተር፣ የሌሎቹም እኮ እንዲሁ ነው። ወንዱም ትንሽ አለው።»

«እንግዲያው ሁሉም ታመዋል።»

በእጁ እንኳን አልዳሰሳትም። መርፌ አውጥቶ ወጋት። ውሃ የለም። ትንሽ ደም ብቻ መጣ። «ውሃው ወፍሮ ነው» ብሎ ወፈር ያለ መርፌ ሲፈልግ ዝይዋን አቅፌ ከለከልኩት። ተቆጣ። ለሁሉም በውሃ የሚሰጥ መድኃኒት ጻፈ፣ እንቁላላቸውን እንዳንበላ ነገረን፣ ሲወጣም «ይቺስ ብትታረድ ይሻላል» አለ። ሒሳቡን ግን በደንብ ተቀበለ። ዝይዋ አጥር ሥር ተኮራምታ መኖ ጠላች። ኋላ አገገመች፣ እንቁላል ጣለች፣ ታቅፋም ፈለፈለች። ያን መርፌ ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

ያ እጥፋት ስብና ቆዳ ነው። በከባድ ዝርያዎች፣ በተለይ ቱሉዝ በሚባለው፣ በዕድሜና እንቁላል በመጣል ይወርዳል፤ የመጣያው ወቅት ካለፈም በኋላ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል።

እብጠት ስታዩ ወዲያው ባለሙያ መጥራት ነው ይባላል። እኔ ግን መጀመሪያ ራሳችሁ ዳስሱ እላለሁ። ሲመሽ ይዛችሁ እጃችሁን ከሆዷ ሥር ክተቱ። ለስላሳ፣ ልል፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነና ካልጋለ ተዉት። ውሃ እንደሞላ ፊኛ ከተወጠረ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ወይም ጅራቷን እየነቀነቀች ካማጠች፣ ያኔ አትዘግዩ።

ችግሩ ሰው ሁሉ ዝይን በዶሮ ዓይን ማየቱ ነው። ምንቃሯና ምላሷ ጠርዝ ላይ ጥርስ የመሰለ ነገር አለ፤ ሣር የምትቆርጥበት ነው። ዶሮ እህል የምታጠራቅምበት ዓይነት ከረጢት የላትም፤ ምግቡ ጉሮሮዋ ውስጥ ስለሚቆይ ስትግጥ ውላ አንገቷ ሲያብጥ አትደንግጡ። የቻይና ዝይ ምንቃሩ ከግንባሩ በሚገናኝበት ያለው ጉብታም ዕጢ አይደለም፤ አፈጣጠሩ ነው፣ በወንዱ ደግሞ ይበልጣል። ከእርባታ ወቅት በኋላ የክንፎቿ ትልልቅ ላባዎች ባንድ ጊዜ ቢረግፉም አዲስ እስኪበቅል መብረር አትችልም እንጂ አልታመመችም።

የክንፍ ጫፍ ወደ ውጭ መገልበጥ ግን ጤና አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በማደግ ላይ ያሉ ጫጩቶች እህልና ዳቦ ሲበዛባቸው ነው። በጊዜ ከተያዘ ክንፉን በቦታው አጥፎ በለስላሳ ጨርቅ ማሰር ያስተካክለዋል፤ ካደገች በኋላ ግን አይመለስም። ስለዚህ ጎረቤት ዳቦ ሲወረውር ከልክሉ፤ ቅር ቢለውም ይበለው።

ሐኪም ስትጠሩም በፊት ዝይ አክሞ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። የማያውቅ ከሆነ ቦርሳውን ከመክፈቱ በፊት የታመመችውንም ጤነኞቹንም በእጁ ያነጻጽር።