ከባሕር ላይ የተጻፈ የፋሲካ ደብዳቤ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላምና በጤና አደረሳችሁ! ጾሙን አስፈጽሞ ለመፈሰክ ያበቃን አምላክ ይመስገን። ሌላ ጊዜ ለበዓል ሁለት መስመር ጽፌ ነበር የምሰናበታችሁ። ዘንድሮ ግን የዶሮው ሽንኩርት እስኪቁላላ ታገሡኝና ስለ አባባ ደብዳቤዎች ላውጋችሁ።

አባባ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በኮሪያ ጦርነት ከደቡብ ኮሪያ ጎን ሰሜኑን ሊዋጋ ከተላከው የኢትዮጵያ ጦር፣ ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ከጅቡቲ ወደብ በመርከብ ወደ ኮሪያ ዘመቱ። የደቡብ ኮሪያ ወደብ ፑሳን የደረሱት ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። የዚያ ዓመት ትንሣኤ ደግሞ ሚያዝያ 21 ቀን ስለነበረ ሻለቃው የፈሰከው በባሕር ላይ ነው። ይህን የነገረኝ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም፤ አያቴ እስኪያርፉ ድረስ ከእጃቸው ያልለዩት ደብዳቤ ነው። «እናቴ ሆይ፣ ፋሲካን በውቅያኖስ ላይ ዋልን። የእኔ ነገር አያሳስብዎ። ዶሮውን እንደ ወትሮው ይሥሩ፤ የእኔን ድርሻ ለጎረቤት ይስጡልኝ» ይላል።

አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ደብዳቤ ሲደርሳቸው ቡና አፍልተው የሰፈሩን ቄስ ያስጠሩና ያስነብባሉ። በማግሥቱ ሌላ አንባቢ ይፈልጋሉ፤ ቄሱ የዘለሉት ነገር ያለ ይመስላቸዋልና። ወረቀቱ በታጠፈበት ሁሉ የሳሳው በዚህ ምክንያት ነው።

በደብዳቤዎቹ ውስጥ ጦርነት የለም። «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብለው ይጀምሩና ስለ በሬዎቹ፣ ስለ እህታቸው ጋብቻ ይጠይቃሉ። በታኅሣሥ 1944 የተጻፈው አንዱ ብቻ «እዚህ ብርዱ ከደብረ ብርሃን ይብሳል» ይላል። የኮሪያን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ሳይስቅ አይቀርም። ከአገራችን በየተራ ከ6,000 በላይ ወታደሮች ዘምተው ከ120 በላይ ተሠውተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል እንኳ ለእናታቸው አልጻፉም።

ለእኛም ቢሆን አልተናገሩም። «አባባ፣ እስቲ ስለ ኮሪያ ያውጉን» ስንላቸው «ምን ይወራል!» ብለው ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር ቢኖር አባባን የሚያናግራቸው ጥያቄ ሳይሆን ዕቃ መሆኑን ነው። አንድ ቀን አረንጓዴውን የወታደር ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ አዩኝና «እሱ እኮ የእኔ አይደለም» አሉ። ጓደኛቸው ለሌሊት ቅኝት ሲወጣ «እስክመለስ ልበሰው» ብሎ የሰጣቸው ኖሯል። አልተመለሰም። ጠርዙ ላይ በነጭ ክር የተሰፋች ምልክት አለች፤ ልጅ እያለሁ የፋብሪካ ምልክት ትመስለኝ ነበር። የእሱ መለያ ናት።

እነዚህ ዕቃዎች እዚህ የደረሱትም በእናቴ ብልሃት ነው። ደርግ ቃኘው ከተዋጋት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የቃኘው ዘማችነት የሚያኮራ ሳይሆን የሚያስጠረጥር ሆነ። በ1969 ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ እናቴ ከግድግዳ ያወረደችውን ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤዎቹንና ሜዳሊያውን በጨርቅ ጠቅልላ በበርበሬ ጆንያ ሥር ቀበረቻቸው። ፈታሾቹ ጆንያውን ከፍተው እያስነጠሱ ሄዱ። የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ሪባን ሰማያዊና ነጭ ነበር፤ የእኛው ላይ ነጩ እስከ ዛሬ ቀላ እንዳለ ነው። በጀርባው የተቀረጸው አማርኛ ግን አልተነካም።

በዓል ነውና ዛሬ ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁ ቤት ትሰበሰባላችሁ። ዘማች ያላችሁ፣ የኮሪያም ይሁን የካራማራ ወይም የባድመ፣ ከምሳ በኋላ ሣጥኑን አስከፍቱ። ጥያቄ አታብዙ፤ አንዱን ዕቃ እጃቸው ላይ አስቀምጡና ጠብቁ። በፎቶግራፉ ጀርባ ስሞቹን በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል። ደብዳቤውን በስልክ ስታነሡ ፖስታውንም አትርሱ፤ ማኅተሙና ቀኑ እሱ ላይ ነው። ደግሞ እባካችሁ በላስቲክ አታስለብዱት! ሙቀቱ አሮጌ ወረቀት ይጎዳል፤ አንዴ ከተጣበቀም ማላቀቅ ጭንቅ ነው።

እኔም አንድ ልመና አለኝ። ከመርከቡ ከመውረዳቸው በፊት የተነሡት ፎቶግራፍ ላይ አራት ወታደሮች አሉ። አንዱ አባባ ናቸው፤ ሌላው የብርድ ልብሱ ባለቤት ነው፤ የሦስተኛውን ስም አባባ ከማረፋቸው በፊት ነግረውናል። አራተኛው ቆቡን ወደ ግራ ያዘነበለ፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ረጅም ወጣት ነው። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ከመጀመሪያው ቃኘው ጋር የዘመቱ ከሆነ ጻፉልኝ፤ ፎቶግራፉን ወዲያው እልክላችኋለሁ።

መልካም ፋሲካ!