ጸበል ሲነካት የምትጮኸው አሻንጉሊት

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ ጅማ ሒርማታ አካባቢ በአንድ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ አንድ ቤተሰብ፣ አያት፣ አባትና ሁለት ልጆች ሆኖ፣ በዝናብ መጣ። አባትየው በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉንም በመቀነት አስሮ ያመጣውን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ውስጡ ያለችው፣ ቤሩት የምትሠራ አክስት ለትንሿ ልጅ የላከቻት፣ ሆዷን ሲጫኗት የምትስቅና «ማማ» የምትል አሻንጉሊት ናት።

ችግሩን የነገሩኝ እየተቀባበሉ ነው። ስትመጣ የሕፃን ሳቅ ትስቅ የነበረችው አሻንጉሊት፣ ከግንቦት ወዲህ ድምፅዋ እየጎረነነ ሄዶ እንደ ሽማግሌ ማጉረምረም ጀመረች፤ ቀጥሎም ማንም ሳይነካት፣ ሁሉም በተኛበት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ «ማማ» ማለት አመጣች። ጎረቤታቸው ዱዓ አስደረገችላቸው፤ አያታቸው ጸበል ረጩባት፤ ከተረጨች በኋላ ግን በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ተናገረች። ነገሩን ይበልጥ ያከረረው ታላቁ ልጅ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኪ ዌስት በምትባል ከተማ፣ በሙዚየም የመስታወት ሣጥን ውስጥ ስለተቀመጠው «ሮበርት» ስለተባለ አሻንጉሊት ስልኩ ላይ አንብቦ፣ ሳያስፈቅዱት ፎቶ ያነሱት ጎብኚዎች ክፉ ዕድል ገጠመን እያሉ የይቅርታ ደብዳቤ እንደሚልኩለት ለቤቱ ሁሉ ተርኳል። ካቻቢቴዬን ሳነሣ «ሳታስፈቅዳት ልትፈታት ነው?» አለኝ። ሳቅሁበት። በሆዴ ግን አስፈቅጃታለሁ።

ስከፍታት ያየሁት፣ የጅማን ክረምት የሚያውቅ ጠጋኝ ሁሉ የሚጠብቀው ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ በማይለቀው ከተማ፣ የማይሻግትና የማይዝግ ዕቃ የለም። ሦስቱ የሰዓት ባትሪዎች በአንድነት 4.5 ቮልት መስጠት ሲገባቸው፣ ቴስተሬ ላይ ሦስት እንኳ በቅጡ አልሞሉም፤ በእንዲህ ዓይነቱ ርካሽ ሰርኪዩት ደግሞ ባትሪው ሲደክም ድምፁን የሚያጫውተው፣ አይሲ የምንለው ትንሽ ቺፕ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ሲወርድም የሕፃን ሳቅ ይወፍራል። ከባትሪዎቹ ያፈተለከው ኬሚካል ከጸበሉ ጋር ተደባልቆ፣ ሆዷ ላይ ካለው ማብሪያ ሥር ተራርቀው መቀመጥ የሚገባቸውን ሁለት መስመሮች አረጠባቸው፤ ወደ ንጋት ገደማ ቅዝቃዜው ጤዛ ሲያመጣ መስመሮቹ ይገናኛሉ፣ እሷም ትናገራለች።

የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። ዋጋ ተናግሬ መሸኘት ሲገባኝ፣ የማውቀውን ሁሉ ልዘረግፍላቸው ተነሣሁ። አያታቸው በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣

«ባትሪውን ስታወጣው ዝም ትላለች?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ስትመልሰውስ?»

«ትናገራለች።»

«እኛስ ብንሆን ነፍሳችን ስትወጣ ዝም አይደል የምንለው? ይህን ልትነግረኝ ነው በዝናብ ያቆምኸኝ?»

መልስ ስላጣሁ የባሰውን ተናገርሁ፤ «እማማ፣ ያባባሰውስ ጸበሉ ነው» አልኋቸው።

ቤቱ ጸጥ አለ፤ አባትየው መሬት መሬቱን አየ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም ሲጠብቁት የቆዩትን ምስክር እንዳገኘ ሰው ፊታቸው ፈካ። «ጸበል ሲነካው የሚጮኸው ማን እንደሆነማ፣ አንተ ልጅ፣ ሳትወለድም ይታወቃል» አሉኝ። ይህን ንግግር እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሁለታችንም ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ጸበል ነካት፣ ጮኸች። የእሳቸው ማብራሪያ ደግሞ ከእኔው አጭር ነበር።

በዚህ መካከል አሠሪዬ፣ ካውያ ከጨበጡ ዓመታት ያለፏቸው ሰው፣ ከጥግ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አሻንጉሊቷን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከመጋረጃው በስተጀርባ ገቡ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተውም «ወጥቶላታል፤ ወደ ቤት ግን አትመልሷት» እያሉ ብቅ አሉ። እኔ 60 ብር ልጠይቅበት ለነበረው ሥራ 400 ብር ተቀበሉ። አያታቸው እጃቸውን ዘርግተው መረቋቸው፣ ትንሿ ልጅ አለቀሰች፣ ሄዱ። ከመጋረጃው ጀርባ ምን ሲሠሩ እንደቆዩ የማውቀው፣ የሻዩን ብርጭቆ ያጠብሁት እኔ ስለሆንሁ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለደንበኛ ዋጋና ቀጠሮ እንጂ ምክንያት አልነግርም፤ ይህን ሁሉ እዚህ የዘረዘርሁት እናንተ ደንበኞቼ ስላልሆናችሁ ነው።

አሻንጉሊቷ ሱቅ ቀረች። ባትሪዎቿን አውጥቼ፣ አሠሪዬ ከሚቀመጡበት በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አኖርኋት። በሦስተኛው ቀን ፊቷን በጋዜጣ ሸፈኑት። በሳምንቱ፣ ሁልጊዜ ከእኔ በኋላ ቀርተው ሒሳብ ይሠሩ የነበሩት ሰው፣ አብረን ካልወጣን አሉ። ቀጥለውም ዓይኔን ሳያዩ «እስቲ ይህችን ነገር አንድ ነገር አድርጋት» አሉኝ። «ወጥቶላታል ብለው አልነበረም እንዴ፣ ጋሼ?» የሚለው ጥያቄ ከአፌ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

አካሏን ከቆሻሻ ጋር አስወገድሁት። ስፒከሯ ግን ሽፋኑ ፕላስቲክ ስለሆነ እርጥበቱ አልነካውም፤ 8 ኦም፣ ግማሽ ዋት፣ ያልተጫረ ዕቃ ነው። በዚያው ሰሞን የአሠሪዬ የኪስ ሬዲዮ ስፒከሩ ተቀድዶ ይንጣጣ ስለነበር፣ የተቀደደውን አውጥቼ የእሷን በየድሁላቸው። ጠዋት ጠዋት ዜና ሲሰሙ ሬዲዮውን ጆሯቸው ድረስ ነበር የሚያስጠጉት። «አዲስ ሆኖ እንኳ እንዲህ አልጠራም» ይሉኝ ነበር።