ስልክና ኮምፒውተር በአንድ ዋይፋይ ላይ ሆነው ለምን አይተያዩም?

ስልክና ኮምፒውተር በአንድ ዋይፋይ ላይ ሆነው ፋይል መለዋወጥ ሲያቅታቸው፣ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያደርገው መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። እኔ ግን ችግሩን ለሁለት ከፍሎ መመርመር ብዙ ድካም እንደሚያስቀር አምናለሁ፤ አንዱ መሣሪያ ሌላውን ማግኘቱ አንድ ሥራ ሲሆን፣ ካገኘው በኋላ ፋይሉን ማሳለፉ ሌላ ሥራ ነውና።

መተግበሪያው ሌላውን መሣሪያ የሚያገኘው በአውታረ መረቡ ላሉት ሁሉ አጭር ጥሪ ልኮ መልስ በመጠበቅ ነው። ለዚህ በስፋት ከሚያገለግሉት አድራሻዎች አንዱ 224.0.0.251 ሲሆን ፖርቱም (መልእክቱ የሚገባበት የበር ቁጥር) 5353 ነው። አንዳንድ ራውተሮች ይህን ዓይነቱን ጥሪ ስለማያስተላልፉ፣ መተግበሪያው የሚፈቅድ ከሆነ የሌላውን መሣሪያ አይፒ አድራሻ (በአውታረ መረቡ የሚታወቅበትን ቁጥር) በእጅ ጽፎ መሞከር ከሁሉ የሚቀድም ፈተና ነው። በአድራሻው ከተገናኙ መንገዱ ክፍት ነው፤ የጎደለው ጥሪው ብቻ ነው።

በአድራሻም ካልተገናኙ የሁለቱን አድራሻዎች ማነጻጸር ይገባል። አንዱ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። አንዱ በ192.168.1፣ ሌላው በ192.168.0 የሚጀምሩ ከሆነ ደግሞ፣ የዋይፋዩ ስም አንድ ቢመስልም በሁለት የተለያዩ አውታረ መረቦች ላይ ሳይሆኑ አይቀርም። አድራሻዎቹ ተስማምተው ግንኙነቱ እምቢ ሲል እኔ የምጠረጥረው ለእንግዶች የተከፈተውን ዋይፋይ ነው፤ እንዲህ ያለው ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ወደ ኢንተርኔት እያወጣ መሣሪያዎቹን ግን እርስ በርስ እንዳይገናኙ ይለያያቸዋል። ይህ ለደኅንነት ሲባል የተደረገ ስለሆነ ከመታገል ይልቅ የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ኮምፒውተሩን ከእሱ ጋር ማገናኘት ይሻላል። ፋይሉ በቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሄድ የኢንተርኔት ጥቅል አይበላም፤ ኮምፒውተሩ ግን በዚያው አጋጣሚ ማሻሻያ ማውረድ ሊጀምር ስለሚችል፣ ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ የሞባይል ዳታውን መዝጋት ጥሩ ነው።

ከመሣሪያዎቹ በኩል ያለው እንቅፋትም ጥቂት አይደለም። ዊንዶውስ አውታረ መረቡን «የሕዝብ» ብሎ ከመዘገበው ፋየርዎሉ (የኮምፒውተሩ የግንኙነት ዘበኛ) ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት ይከለክላል፤ አውታረ መረቡ የሚታመን ከሆነ ብቻ ወደ «የግል» መለወጥ ይገባል። በአይፎን ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ መተግበሪያዎች የአካባቢ አውታረ መረብን ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ያን ጊዜ ሳይታሰብ የተከለከለ መተግበሪያ ምንም ሳይናገር ባዶ ዝርዝር ያሳያል። በሁለቱም በኩል የበራ ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ አገልጋይ በኩል የሚያዞር መተግበሪያ) ካለ ለጊዜው መጥፋት አለበት።

የዊንዶውስን የተጋራ ማኅደር ከስልክ ለመክፈት ለሚሞክር ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ላክል። የመጀመሪያው፣ ኮምፒውተሩ የሚከፈትበት ፒን በአውታረ መረብ በኩል አይሠራም፤ የሚጠየቀው የመለያው የይለፍ ቃል ነው። ሁለተኛው፣ አንዳንድ የቆዩ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙት የኤስኤምቢን፣ ማለትም ዊንዶውስ ማኅደር የሚያጋራበትን ደንብ፣ የመጀመሪያውን ስሪት ነው፤ ይህ ስሪት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ በነባሪ አይጫንም። መልሰው እንዲያበሩት የሚመክሩ አሉ፤ እኔ ግን በጥብቅ እቃወማለሁ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም የተሰራጨው በዚህ ስሪት ላይ በነበረ ቀዳዳ ስለሆነ፣ መለወጥ ያለበት መተግበሪያው ነው።

መላኩ ተጀምሮ በመካከል ሲቋረጥ ነገሩ ሌላ ነው። የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ስክሪኑ ሲጠፋ መተግበሪያውን ሊያስቆመው ይችላል። ፋይሉ 4 ጊጋባይት ደርሶ የሚቀመጥበት ሚሞሪ ካርድ በፋት32 (በቆየ የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት) የተዘጋጀ ከሆነ፣ ዋይፋዩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን አይቀበለውም። እጅግ ሲዘገይ ደግሞ ሁለቱም መሣሪያዎች ላይ ዋይፋዩ መብራቱን ማየት ነው፤ እንደ ኩዊክ ሼር ያሉት የፋይል መላኪያዎች በብሉቱዝ ተፈላልገው በዋይፋይ የሚልኩ ሲሆኑ፣ ዋይፋዩ ከጠፋ ፋይሉም በብሉቱዝ ሊሄድ ይችላል፤ በእሱ 1 ጊጋባይት ለማሳለፍ ደግሞ ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈጃል።