ጓዳ የገባች ፀሐይ

ክረምቱ ዘንድሮ ደጅ አልቀረም፣ ልቤ ውስጥ ገብቷል። ዝናቡ አያባራ፣ እኔ አልተኛ። እንዲህ ሲያደርገኝ መድኃኒቴን ታውቃላችሁ፤ የድሮ ፎቶ ከፍቶ መነካካት።

የዛሬው የእማዬ ነው። በድሮው ቤት ጓዳ ቡና ስትቆላ። ከምጣዱ ላይ ጭሱ ይትጎለጎላል፣ እሷ ፊቷን ዞር አድርጋ ትስቃለች። ግን ከላይ የተንጠለጠለችው አምፖል ሁሉን ነገር አመድ አስመስላዋለች። ፀሐይ ልጨምርበት አልኩ።

ፎቶሾፕ ላይ ቀላል ነው። ደማቅ ደማቁን ትመርጥና አዲስ ሌየር (ከፎቶው በላይ የሚነጠፍ ንብርብር) ላይ ትገለብጣለህ። ራዲያል ብለር የሚባለውን ማደብዘዣ ትሰጠዋለህ፤ ዙም ላይ አድርገህ መሃሉን ብርሃኑ እንዲመጣበት ወደፈለግከው ጥግ ትጎትታለህ። ከዚያ የሌየሩን መቀላቀያ ስክሪን ላይ ታደርገዋለህ፣ ከሥሩ ያለውን ያደምቀዋል። ጭስ ካለማ ሰርግና ምላሽ! ጨረር የሚይዘው ነገር ካላገኘ አይታይማ።

ጨረሩን በቀኝ በኩል ለቀቅኩት። እዚያ ጋ መስኮት የለም፤ ከእነእትዬ ጋር የምንጋራው ግድግዳ ነው። ለእህቴ ላኩላት። «የማን ቤት ነው?» አለችኝ።

ምን ታድርግ፣ ጣሊያናዊውን ሰዓሊ ካራቫጆን አታውቅ። በ1600 ግድም ሮም ውስጥ በሠራው «የማቴዎስ ጥሪ» በሚባለው ሥዕል ግድግዳው ላይ ትልቅ መስኮት አለ። ብርሃኑ ግን በእሱ አይገባም። ከሥዕሉ ውጭ፣ ከቀኝ በኩል ነው የሚመጣው። ማንም ከየት አመጣኸው አላለውም።

ብርሃን ብቻውን ግን አይበቃም። ፎቶን ሲኒማ የሚያስመስለው ጥላው ነው። ግራ ጉንጯን ማጨለም ጀመርኩ፣ ከርቭስ የሚባለውን የብርሃን ማስተካከያ ዝቅ፣ በብሩሽ ቀስ እያልኩ። አንዱ ዓይኗ ሊጠፋ ሲል እጄ እንቢ አለኝ።

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ትዝ አሉኝ። ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፤ ዓይናቸው ጎላ ጎላ ያለ። ግማሹ በርቶ ግማሹ የጨለመ ፊት እዚያ አላየሁም። ብርሃኑ ከየትም አይመጣም፣ አለ በቃ። የድሮ ሰዓሊዎቻችን ደግሞ ሌላም ሥርዓት ነበራቸው። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ ከሁለት ዓይኑ ጋር ይስሉታል። ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የመጨረሻው እራት ላይ ይሁዳን ለማግኘት ማንበብ አያስፈልግህም፤ አንድ ዓይን ያለውን መፈለግ ነው።

ይሄን እያሰብኩ የቴሌግራም ፎቶዬ ፊቴ ድቅን አለ። ያ የምኮራበት! ጎኔን ሰጥቼ፣ ግማሽ ፊቴን አጨልሜ፣ በአንድ ዓይን ሩቅ የማየው። ስንቱን ቀን ነው የለፋሁበት። ከእነዚያ ሰዓሊዎች አንዱ ቢያየኝ ሳያቅማማ እዚያው ማዕድ ጥግ ላይ ያስቀምጠኛል። የጎደለኝ የብር ከረጢቱ ብቻ ነው።

ሠላሳው ብር ግን ለእኔ ሲሆን ለምን ይቀራል?