«በእናንተ ዘንድ ብዙም አይታይም» ካሉኝ ሐኪም ጋር የተሟገትሁበት እግር

የዳሌ መገጣጠሚያዬ ሲቀየር ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ፤ ስለ እርሱ ቅሬታ የለኝም። ያንገበገበኝ ከሆስፒታል የወጣሁበት አኳኋን ነው።

ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት እስከ 35 ቀን ሊቀጥል እንደሚችል አውቅ ስለነበር፣ መርፌው እንዲታዘዝልኝ ጠየቅሁ። ተረኛው ሐኪም «ይህ የአውሮፓውያን ችግር ነው፤ በእናንተ ዘንድ ብዙም አይታይም» አሉኝ። የሚያጠብቅ ካልሲ ሰጥተው «ይንቀሳቀሱ፣ ውሃ ይጠጡ» ብለው አሰናበቱኝ።

የሚያናድደው፣ አባባሉ ግማሽ እውነት ያለው መሆኑ ነው። ፋክተር ፋይቭ ላይደን የሚባለው፣ ደም በቀላሉ እንዲረጋ የሚያደርግ የዘር ለውጥ፣ ከአውሮፓ የዘር ግንድ ካላቸው 100 ሰዎች በ5 ገደማ ላይ ይገኛል፤ በአፍሪካውያንና በምሥራቅ እስያውያን ላይ ግን እምብዛም የለም። ሐኪሙ ከዚህ ተነሥተው ወደ እኔ እግር ዘለሉ። ነገር ግን በአሜሪካ ጥቁሮች ይህ የዘር ለውጥ እምብዛም ሳይኖራቸው ደም የሚረጋባቸው ከነጮቹ በላይ ነው፤ የእስያ ተወላጆች ደግሞ ከሁለቱም ያነሱ ናቸው። አንድ የዘር ለውጥ ስለጠፋ አደጋው ጠፋ ማለት አይቻልም። የደም ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥር መጎዳትና የደሙ ለመርጋት መዘጋጀት ናቸው መርጋትን የሚያመጡት። የዳሌ ቀዶ ሕክምና ሦስቱንም ያመጣል፤ አያትህ ከየት ናቸው ብሎ አይጠይቅም።

«አይታይም» የሚለው ቃልም ያስቆጣኛል። የማይፈለግ በሽታ እንዴት ይታያል? አልትራሳውንድ በሌለበት ያበጠ እግር «ጡንቻ ነው» ይባላል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሰው በድንገት ሲሞት፣ አስከሬን ካልተመረመረ «ልቡ ቆመ» ተብሎ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ በ32 አገሮች 68,183 የሆስፒታል ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለደም መርጋት የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከእነዚህም ተገቢውን መከላከያ ያገኙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ግራ ባቴ አብጦ ሲግል ድንገተኛ ክፍል ሄድሁ። እዚያም የተነገረኝ ያው «ጡንቻ» ነው። አልትራሳውንድ ስል በዲ-ዳይመር የደም ምርመራ እንጀምር አሉ። ያ ምርመራ የሚጠቅመው ዝቅተኛ ሆኖ ሲገኝ «መርጋት የለም» ለማለት ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ያለ መርጋትም ከፍ ይላል። ይህን ለባለሙያ ማስረዳት ያለበት ታካሚ መሆኑ ይገርመኛል። ወንበሩን አልለቅም ብዬ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ ምስሉ ሲነሣ ደሙ ከጉልበቴ በላይ ድረስ ረግቶ ተገኘ፤ ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ጀመርሁ።

ቅሬታዬን በጽሑፍ አቀረብሁ። የመጣልኝ መልስ «በአካባቢው የሕክምና ልማድ መሠረት ተስተናግደዋል» ይላል።

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃችሁ፣ የመርጋት አደጋችሁ ተመዝኖ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሆስፒታል የሚተኛ አዋቂ ሁሉ ይመዘናል፤ ሌላው አገር ይህን የማያደርግበት ምክንያት አይታየኝም። መድኃኒቱ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ራሳችሁ አትጀምሩት፤ «አያስፈልግም» ከተባላችሁ ግን ምክንያቱ ከእናንተ የደም መፍሰስ አደጋ የተነሣ ይሁን እንጂ ከዘራችሁ አይሁን። ካልሲውን ብዙ መመሪያ ያወድሰዋል፤ እኔ በእርሱ ብቻ አልተማመንም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ትልቅ ሙከራ እስከ ጭን የሚደርሰው ካልሲ በስትሮክ ታካሚዎች ላይ መርጋትን እንዳልቀነሰና ቆዳቸውን እንደጎዳ አሳይቷል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ በዚያው ቀን ታዩ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ ቀጠሮ የሚባል ነገር እርሱት፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።